የሸሐታ ማርሽ

ሸሐታ ግራ እግሩን ያጣው በየካቲት ወር ነው። ሞተር ሳይክሉን ያጣው ደግሞ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ። እግሩን የወሰደው ቀይ ሥር የጫነ፣ መብራት የሌለው የትራክተር ተጎታች ነበር። ሞተሯን የወሰደው ግን የገዛ ታላቅ ወንድሙ ፈትሒ ነው። «የተረገመች ብረት ደጅ ላይ አታድርም» ብሎ ለቁራሌው ሸጣት። ሸሐታ ስለ እግሩ ብዙ አልተናገረም። የሞተሯን ወሬ ሲሰማ ግን አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠና፣ «እግሬን የወሰደው አላህ ነው፤ ከእሱ ጋር አልጣላም። ሞተሬን የሸጠው ፈትሒ ነው፤ ከእሱ ጋር እጣላለሁ» አለ። ተጣላም።

ከካይሮ ወደ ሰሜን በምትገኘው ትንሽ ከተማችን፣ እኔ ከእነሱ ደጅ ፊት ለፊት ልብስ ተኳሽ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስተኩስ እጄ ሥራ አለው፣ ዓይኔ ግን ሥራ ስለሌለው መንገዱን ይጠብቃል። ስለዚህ የሰው ጉዳይ ውስጥ ገባህ አትበሉኝ፤ ጉዳዩ ነው እግሩን አንስቶ ደጄ የመጣው።

ሸሐታ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ሰኔ ሲገባ ሩዝ ይተከላል፤ ሩዝ ከተተከለ ውሃ ውስጥ ቆሞ ማደር አለበት፤ ውሃውን የሚያመጣው ፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ እንደ ሰው ሥራ ሲበዛበት ይታመማል። ያኔ ከዚህ እስከ ሐይቁ ድረስ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚደውለው ለሸሐታ ነው። የቦዮቹ ዳር መንገድ ጠባብ ነው። ባጃጅ አይገባበትም፤ በአህያ ከተሄደም ጠጋኙ እስኪደርስ ሩዙ ገለባ ይሆናል። ያለ ሞተር ሸሐታ ሸሐታ አይደለም ማለት ነው። ሞተሯ ጃዋ የምትባል የድሮ ሥሪት ናት፤ አባቱ በሕይወት ሳሉ የተገዛች፣ ከሚስቱም ቀድማ ቤቱ የገባች። ሚስቱ ነጃት ይህን አትረሳም፤ «ጣውንቴ» ትላታለች።

በእኛ አገር እግሩ ለተቆረጠ ሰው የሚታሰብለት ነገር ኪዮስክ ነው። ሲጋራ፣ ብስኩት፣ የስልክ ካርድ፤ ሰውየው መሐል ላይ ይቀመጣል፣ መንገደኛው «አይዞህ» እያለ ይገዛዋል። ፈትሒ የውሃ ክፍል ጸሐፊ ስለሆነ የወረቀት መንገድ ያውቃል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ፣ ጫማውን ጨርሶ፣ ለወንድሙ የኪዮስክ ማመልከቻ አስፈቀደለት። ደግ ወንድም ነው፤ ፍቅሩን የሚገልጸው በማህተም ነው እንጂ። የቀረው ኮሚቴው መጥቶ አመልካቹ ሠርቶ መብላት እንደማይችል በዓይኑ ማየት ብቻ ነበር። ኪዮስኩ የሚቆመው ደግሞ እኔ ደጅ ጎን ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሲጋራ ሊገዛ የሚመጣ ሰው የተጨማደደ ሸሚዙን ያስታውሳል።

ሸሐታ ወሬውን ሲሰማ ሳቀ። «እኔን ሣጥን ውስጥ?» አለ። «ሞቼ እንኳ ሣጥን ውስጥ የምቆየው እስከ መቃብሩ ድረስ ነው። እዚያ ሲደርሱ አውጥተው ይቀብሩኛል። ፈትሒ ግን በቁሜ ከቶኝ ሊረሳኝ ነው።»

ታንታ ከተማ ላይ የተሠራለትን ሰው ሠራሽ እግር ለምዶ በዱላ መራመድ ሲጀምር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሞተሯን ገዝቶ ሊያመጣ እንደሆነ አስታወቀ። ነጃት አልተከራከረችም። ተነስታ ሰው ሠራሽ እግሩን ደበቀችው።

ይህን ያወቅሁት ሸሐታ በአንድ እግሩ እየዘለለ ደረጃውን ሲወርድ ነው። ባዶው የሱሪ እግር ወደ ኋላው ይወዛወዛል። በዱላው የአህያ ጋሪ አስቆመና ወጥቶ ተቀመጠ። «አንተ ካውያ» አለኝ፣ «ብረት የሚለይ ሰው እፈልጋለሁ፤ እሱ ከሌለ አንተም ትሆናለህ፤ ና።» ሱቄን ዘጋሁ። ነጃት ከመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «የሐናን አባት፣ እሱስ ታሟል፤ አንተን ምን ነካህ?» አለችኝ። እኔም ጋሪው ላይ ወጣሁ።

የቁራሌው የአቡ ሰሪዕ ግቢ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ጃዋዋ ከማጠቢያ ማሽንና ከአልጋ ብረት ሥር ተጋድማ አገኘናት። ቸርኬዋን የሚይዙት የፊት እግሮቿ ወደ ኋላ ታጥፈዋል። የቤንዚን ቋቷ፣ ሰልባቲዮዋ፣ በግራ በኩል እንደ ተረገጠ ጣሳ ገብቷል፣ የፊት ቸርኬዋ ስምንት ቁጥር ሆኗል፣ መሪዋ አንድ ቀንዷን እንዳጣች ላም ነው። ሸሐታ ከጋሪው ወርዶ እጁን ሁሉን በሚሸከመው ቴላዮዋ ላይ አሳለፈ። ዋናው አጥንት አልተሰበረም።

አቡ ሰሪዕ ከጥላው ሥር ተነስቶ መጣ። በገበያ እናቱን የማይምር ሰው ነው። ባዶውን የሱሪ እግር ሲያይ ግን ፊቱ ቀለጠና፣ «ያንተው ናት፣ ወንድሜ፤ ለአላህ ብዬ ሰጥቼሃለሁ» አለ።

ሸሐታ ቀላ። «ዋጋ ጥራ።»

«ዋጋ የለውም አልኩህ።»

«አቡ ሰሪዕ፣ እናቴ ሸሐታ ብላ ያወጣችልኝ ከፈትሒ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱ ሞተውባት ነው። ሞት ንቆ እንዲያልፈኝ ብላ ለማኝ ብላ ጠራችኝ። አንተ ግን እውነት መሰለህ። ለሌላ ሰው ስንት ትላለህ?»

«ለሌላ ሰውማ ሁለት ሺህ ፓውንድ እላለሁ።»

«እንግዲያው ሁለት ሺህ በለኝና እኔም ልከራከርህ።»

እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም። ሻጩ ሊቀንስ ይፈልጋል፣ ገዢው አይፈቅድለትም። መጀመሪያ አቡ ሰሪዕ እያፈረ ነበር የሚናገረው። ሸሐታ ግን ቸርኬዋን በዱላው እየመታ፣ «ይህን ቆሻሻ ሁለት ሺህ ስትል አታፍርም?» ሲለው ደሙ መሞቅ ጀመረ። ሞተሯ እኮ ቅርስ ናት አለ። ከአውሮፓ ድረስ የሚፈልጓት አሉ አለ። ሸሐታ ስምንት መቶ አለው። አቡ ሰሪዕ ቆቡን መሬት ላይ ጣለ። በመጨረሻ እግሩንም ምኑንም ረስቶ፣ «ከአሥራ ሦስት መቶ ብወርድ ሚስቴ ፈት ትሁን» ብሎ ማለ።

የሸሐታ ፊት በራ። ከየካቲት ወዲህ እንደ ሙሉ ሰው ቆጥሮት በሚስቱ ፍቺ የማለበት የመጀመሪያው ሰው ነው። አሥራ ሦስት መቶውን እዚያው ከፈለ፣ ጋሪውም ላይ ጫንናት። ስንመለስ ነጃት ደጅ ቆማ ነበር። ጋሪውን አየችው፤ ገባች፤ ሰው ሠራሽ እግሩን አምጥታ ደረጃው ላይ አቆመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም።

የጥገናው ሥራ የተሠራው በእኔና በበያጁ በኡስታ ገርጊስ ሱቅ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው። ገርጊስ ብረት የሚያውቅ፣ ነገር ግን ከማሰቡ በፊት የሚበይድ ሰው ነው። የፊት እግሮቿን በትራክተር ጃክ እየተጫነ አቀናቸው። ሸሐታ ደግሞ መሬት ተቀምጦ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹን፣ አንድ በአንድ እየለወጠ ቸርኬውን አዟዙሮ አስተካከለ። ካርቡራቶሯን ፈታ፣ አጠበ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ የጭስ ማውጫዋን የማርሚታዋን ዝገት በሽቦ ፈተገ። ሰዎች እያለፉ ይቆማሉ። አንዱ «ሁለታችሁም ትጠገናላችሁ?» ሲለው፣ «እሷ መለዋወጫ አላት፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልተገኘልኝ» አለው። ሌላው የድሮው ሰፈር ሰው ዶሮ ታርዳ ደሟ ቴላዮው ላይ ካልተቀባ ክፉ ዓይን አይለቃትም አለ። «የእኔን ደም ጠጥታለች» አለው ሸሐታ፤ «የዶሮ ደም ከእኔ ይበልጣል?»

የሰልባቲዮዋን ጉድጓድ የማውጣቱ ብልሃት ከማን እንደመጣ አሁን ሁሉም ይክዳል። እኔ ከገርጊስ ነው እላለሁ። የገባውን ቆርቆሮ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር ያስፈልግ ነበር። ደረቅ ባቄላ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ ፉል በልቶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሰልባቲዮውን በባቄላ ሞልተን፣ ውሃ ጨምረን፣ ክዳኑን በሽቦ አስረን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። በሁለተኛው ቀን «ጓ» የሚል ድምፅ ተሰማና ግማሹ ጉድጓድ ተነፋ። ጨፈርን። ከዚያ ባቄላውን እንዴት እንደምናወጣው ማንም እንዳላሰበ ገባን። በጠባቡ አፉ በሽቦ እየቆነጠርን አራት ቀን ሙሉ አወጣን፤ ሰፈሩ በኮመጠጠ ፉል ሸተተ። ነጃት ጓዳዋ ገብታ የጎደለውን አወቀች። እሱን ስለማታናግር ለእኔ ነገረችኝ፦ «ጣውንቴ ቀለብ ጀመረች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»

ዋናው ችግር ግን ማርሹ ነበር። ማርሹ የሚቀየረው በግራ እግር ነው፤ ሸሐታ ደግሞ ያጣው ግራውን ነው። ሰው ሠራሹ እግር ብረቱን አይሰማም፤ ሳይነካው የነካው ይመስለዋል፣ ነክቶትም ያልነካው። ጃዋ ግን ሌሎች የሌላቸው አንድ ደግነት አላት፤ ማርሹ ሲነካ ፍሪሲዮኗ ያለ እጅ ራሱ ይለቃል። ስለዚህ ሸሐታ ማርሹን ወደ እጅ ሊያመጣው አሰበ። ከአሮጌ የእጅ ፓምፕ ላይ ረጅም እጀታ ቆረጠ፣ ከእግር መርገጫው ጋር አጋጠመው፣ ጫፉን እስከ ግራ ጉልበቱ አወጣው። ገርጊስ መነጽሩን ወደ ታች ጎትቶ በየደው። አያያዙ ያምር ነበር። ሸሐታ ተቀምጦ እጀታውን ሳበ፤ አንደኛ ገባ። ሳበ፤ ሁለተኛ ገባ። የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ።

«በል አስነሳት» አልነው።

ሸሐታ ወደ ታች አየ። ገርጊስም ወደ ታች አየ። ጃዋ ያላት መርገጫ አንድ ነው። ወደ ውስጥ ገፍተው ወደ ላይ ሲያጥፉት ማስነሻ ይሆናል፤ ሲመልሱት የማርሽ መቀየሪያ ይሆናል። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። አሁን ግን መርገጫው ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት ስለተበየደ መታጠፍ አይችልም።

«ማስነሻው የት ሄደ?» አለ ገርጊስ።

«በየድከው» አለው ሸሐታ።

ብየዳውን ቆርጠን እንዳናወጣው ጥርሱ የተበላው የማርሹ ዘንግ አብሮ ይሰበራል፤ ሌላ ዘንግ ደግሞ ካይሮ ካልሆነ አይገኝም፤ ሩዙ ሊተከል ደግሞ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ገርጊስ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን እያከከ ቆየ። እኔም አሁን ተስፋ ቆርጦ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል ብዬ ነበር። ሸሐታ ግን፣ «በግፊ ትነሳለች» አለ። አንዱ፣ ማንንም አልለምንም ስትል ከርመህ አሁን ግፉኝ ልትል ነው ወይ ብሎ ተረበው። «መግፋት ሌላ ነው፣ መሸከም ሌላ ነው» አለው። «ስትገፋኝ ከፊትህ እሄዳለሁ።»

እናም በየጠዋቱ እስከ ድልድዩ እንገፋው ጀመር። እኔ፣ ገርጊስ፣ አንዳንዴ ዳቦ ጋጋሪው። አንደኛ አስገብቶ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ እንገፋለን፤ ሲለቅ ትስልና ትነሳለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማርሽ ሊቀይር ግራ እጁ ከመሪው ሲነሳ ሞተሯ ወደ ግራ ትጎትታለች። መጀመሪያ ቀን የገርጊስን በር መታ። ሁለተኛ ቀን እኔ ሱቅ ገባና የሰው ሱሪ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ድልድዩን ተሻገረ፤ ነገር ግን በሁለተኛ ማርሽ እያንቋረረች። ሦስተኛ አልገባም። አራተኛውም ቀን አልገባም፤ እጁን ሰዶ ሊስብ ሲል ፍርሃቱ ይሁን ብረቱ፣ አንዱ ይይዘዋል። በሁለተኛ ማርሽ ደግሞ እስከ ሐይቁ አይኬድም፤ ሞተሯ ሳይደርስ ትቃጠላለች። ፈትሒ ከቢሮው ሲመለስ ጥግ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ማዳመጡን እኔ አየሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ ስታንቋርር ይሰማና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ኮሚቴው የሚመጣው እሑድ፣ ቢሮ በሚከፈትበት የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው ተባለ። ፈትሒ ነጭ ጀለቢያውን ቅዳሜ አመጣልኝ፤ እሱን የተኮስኩትን ያህል ተጠንቅቄ ልብስ ተኩሼ አላውቅም። እሑድ ጠዋት ደጁ ላይ ወንበር አወጣ፣ ወንበሩ ላይ ትራስ አደረገ፣ ከወንበሩ ጎን የሸሐታን ዱላ አስደገፈ። ሁሉም ነገር ነበር፤ የጠፋው የሚቀመጥበት ሰው ብቻ ነው።

የሸሐታ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሐጅ በዩሚ ናቸው፤ መሬታቸው ከሐይቁ አጠገብ ነው። ፓምፓቸው ከትናንት ጀምሮ ቆሟል፣ የተተከለው ችግኝ መሬቱ እየተሰነጠቀበት ነው። ሌላ ጠጋኝ ጠርተው ነገ እመጣለሁ ብሏቸዋል። «እየመጣሁ ነው፣ ሐጅ» አላቸውና የዕቃ ከረጢቱን ሞተሯ ላይ ማሰር ጀመረ።

ፈትሒ መንገዱ መሐል ቆመ።

«አንድ ሰዓት» አለ። «የእናቴ ልጅ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ተቀመጥልኝ። ያዩሃል፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ብትፈልግ ሰማይ ላይ ንዳት።»

«ተቀምጬ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ምንም እንዳታደርግ ነው የምለምንህ።»

«ወረቀቱ ላይ 'ሠርቶ መብላት የማይችል' ነው አይደል የሚለው?»

«ወረቀት ነው እኮ።»

«ስሙ ግን የእኔ ነው።»

እኔም ገባሁበት፤ ባልገባ ጥሩ ነበር። ሁለቱንም ያዝ አልኩት። ኪዮስኩን ነጃት ትሸጥበታለች፣ አንተ በሞተርህ ትሄዳለህ፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚኖረው፤ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ ማንን ገደለ? ሸሐታ ማሰሪያውን እያጠበቀ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አንተ ካውያ፣ ልብስ አቃና፤ እኔን ተወኝ» አለኝ።

ፈትሒ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ነጃት፣ ንገሪው እንጂ።»

«ምን ልንገረው?» አለች ነጃት። «እግሩን ደበቅሁበት፤ ያለ እግሩ ሄዶ አመጣት። ከዚህ በኋላ ምን ልደብቅ?»

ፈትሒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ካልተቀመጥክ ዳግመኛ አይሰጡህም። ነገ ብትወድቅስ? ሦስተኛ እንኳ አልገባልህም። ሐይቁ በሁለተኛ ይደረሳል? መንገድ ላይ ብትቀር ምን ትሆናለህ?»

ይህ ከሁሉም የበለጠ ወጋው፤ እውነት ነበርና። ሸሐታ የከረጢቱን የመጨረሻ ቋጠሮ ሳበ። «መንገድ ላይ የቀረ ጠጋኝ እሆናለሁ» አለ። «እሱንም ሆኜ ልሙት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ትገፋለህ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»

ገፋሁ። ገርጊስ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃው ላይ ነበር፤ ስለዚህ ብቻዬን ገፋሁ። እንደምንም ሳለችና ተነሳች። ሃያ እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ተንተባተበችና ጠፋች። አራት ቀን አወጣነው ያልነው ባቄላ ገለፈቱን ትቶልን ኖሯል፤ አንዱ ወርዶ የቤንዚኑን መንገድ ዘጋው። ልክ በዚያው ቅጽበት የኮሚቴው መኪና ከጥጉ ታጥፎ መጥቶ ከሞተሯ አፍንጫ ፊት ቆመ። ከመኪናው ኮሚቴው የላካት አንዲት መሃንዲስ ሴት መዝገብ ታቅፋ ወረደች።

ሸሐታ አልተደናገጠም። ቱቦውን ነቅሎ በአፉ እፍ አለበት፣ ገለፈቱን ተፋ፣ መልሶ ሰካ። ወደ ኋላ አየኝ። እኔ ጉልበቴን ይዤ አጎንብሼ ትንፋሼን እፈልጋለሁ፤ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ማንንም አልጠራም። ደህናውን እግሩን መሬት ላይ ተከለና ራሱን መግፋት ጀመረ። ሰው ሠራሹ እግር አቧራው ላይ ይንሸራተታል። አንድ ስንዝር፤ ያቆማል፤ ሌላ ስንዝር። ላቡ ከአገጩ ሰልባቲዮዋ ላይ ይንጠባጠባል። መሃንዲሷ ቆማ ታያለች። ሰፈሩ ሁሉ ያያል።

ፈትሒ የማመልከቻውን ፋይል በሁለት እጁ ደረቱ ላይ እንደያዘ ነበር። ወንድሙን አየ፣ ፋይሉን አየ፣ ወንድሙን አየ። ከዚያ ወደ መሃንዲሷ ሄዶ፣ «እመቤቴ፣ ይችን ያዙልኝ እስቲ» አላትና ፋይሉን ሰጣት። ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጥርሱ ነከሰው። ከኋላ ገብቶ በሁለት እጁ ገፋ። ቢሮ ተቀምጦ የኖረ ሰው እንዲህ ይገፋል ብዬ አላስብም ነበር፤ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ቀረ፣ አላቆመም። ሞተሯ ሳለች፣ ሳለች፣ ተነሳች። ሰማያዊው ጭስ ፊቱንም ጀለቢያውንም ሸፈነው። ሸሐታ አልዞረም። የመኪናውን ጎን ታክኮ አለፈ፣ ግራ እጁን አነሳ፣ ሁለተኛ አስገባ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ታጥፎ ተሰወረ።

መሃንዲሷ ጭሱ እስኪገለጥ ጠበቀች። «ያ ማነው?» አለች።

ፈትሒ ጎረቤት ነው ማለት ይችል ነበር። እኛም አዎ እንል ነበር። «ወንድሜ ነው» አለ።

«አመልካቹ የትኛው ወንድምዎ ነው?»

«ያለኝ አንድ ነው።»

መልካም ሴት ናት፤ አላህ ይስጣት። ባዶውን ወንበር ከነትራሱ አየች። ፋይሉን ከፍታ ዘጋች። ከገበያው ወዲያ ሌሎች ሁለት አመልካቾች አሉኝ አለች፤ እነሱን አይቼ በዚሁ ነው የምመለሰው፤ ስመለስ ሰውዬውን እዚህ ወንበር ላይ ካገኘሁት ዛሬ ጠዋት ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር እላለሁ አለች። ፈትሒ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው።

ለሸሐታ ሲደውል አልተነሳለትም። ደጋግሞ ደወለ፤ አልተነሳለትም። እኛ ውድቀትም፣ ቦይም፣ ተጎታችም አሰብን። ነጃት መስኮቱን ትታ ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መሃንዲሷ ተመልሳ መጥታ ከመኪናዋ ስትወርድ ገና ሸሐታ ስልኩን አነሳ። ፈትሒ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከወዲያ ፓምፕ ዱግ ዱግ ይላል፣ ውሃ ይፈስሳል፣ ሐጅ በዩሚ ሰው ሲጠሩ ይሰማል።

ፈትሒ ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ነገረው። ሴትዮዋ መልካም ናት፣ አላየሁም ብላለች፣ ትጠብቅሃለች፣ ቶሎ ከደረስክ አልቋል።

«እዚያው አለች?» አለ ሸሐታ።

«አጠገቤ ናት፤ ትሰማሃለች።»

«እመቤቴ፣ አላህ ያክብርሽ» አለ ሸሐታ። «ግን አይተሻል። ያየሽውን ጻፊው። ፈትሒ፣ አሁን እጄ ዘይት ነው፤ ዝጋው።»

ዘጋው። ነጃት ተነስታ ወንበሩንና ትራሱን ይዛ ወደ ቤት ገባች። መሃንዲሷ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ አመልካቹ ጥያቄውን ትቷል የሚል መስመር ጻፈችበት፤ ፈትሒም ተወካይ ብሎ ፈረመ። ስድስት ሳምንት የሰበሰበው ማህተም ሁሉ ከዚያች ፊርማ በላይ ተደርድሮ ይታይ ነበር። ፋይሉ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ።

ፈትሒ የወለቀውን ጫማ ፈልጎ አገኘና ወደ ሱቄ ገባ። ጀለቢያው ከደረቱ እስከ ታች ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል፤ ዘይት ነው፣ አይለቅም። አውልቆ ሰጠኝ፤ በውስጥ ልብሱ ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ ኋላ ተቀመጠ። ካውያው እስኪግል ድረስ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ያለቅሳል ብዬም ጠበቅሁ።

«ከመስጊዱ ጀርባ ሲዞር» አለ በመጨረሻ፣ «ሦስተኛ ገባ፣ አይደል?»

«ገባ» አልኩት።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ሲገባ እንኳ አላንገጫገጨም።»